ገልባጭ፣ ቀጂ ወይስ አባዢ? የቫይረሱ ኢንዛይም በአማርኛ ምን ይባል

ጣና ዳር፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ቃል አላስተኛ ብሎኝ ነው የመጣሁት። ስለ በርበሬና ስለ በቆሎ የቫይረስ በሽታ ለገበሬ የሚሆን ባለ ሁለት ገጽ ጽሑፍ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው፣ እና ቫይረሱ ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ስጽፍ አንድ ኢንዛይም ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ኢንዛይም ሴል ውስጥ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው፣ ይሄኛው አር ኤን ኤን (የቫይረሱ መመሪያ ኤ፣ ዩ፣ ጂ፣ ሲ በሚባሉ አራት ፊደሎች የተጻፈበትን ረጅም ሰንሰለት) እያየ ሌላ አር ኤን ኤ የሚሠራ ነው፣ ፈረንጆቹ ፖሊሜሬዝ ወይም ሬፕሊኬዝ ይሉታል። መጀመሪያ «አባዢ» ብዬ ጻፍኩ፣ ሰርዤ «ቀጂ» አልኩ፣ ትናንት ማታ ደግሞ «ገልባጭ» የሚለው መጣልኝና እሱ ላይ ልቤ አረፈ፣ ግን ብቻዬን መወሰን ፈራሁ።

የእናቴ ጓሮ ከሐይቁ ብዙ አይርቅም። ዘንድሮ ቃሪያዋ ቅጠሉ ዥጉርጉር አለ፣ አረንጓዴው መሃል ገርጣ ያለ ቢጫ እንደ ካርታ ተስሎበት፣ ጫፉ ተኮራምቶ፣ ፍሬውም እንደ ጥፍር ተጣሞ ቀረ። መድኃኒት ገዝታ ሁለቴ ረጨችበት፣ የፈንገስ መድኃኒት ነበር፣ ምንም አላመጣም። ዋጉም ሻጋታውም ቫይረሱም በኛ አፍ «በሽታ መታው» ተብሎ ነው የሚያልቅ፣ ስለዚህ ሰው የማይሠራ ነገር እየገዛ ብሩን ያፈሳል። ቃሉ ቢስተካከል ቢያንስ የሚረጭ መድኃኒት እንደማይነካው መግለጽ ይቀለኛል።

ሽምብጥ፦
እኔ «አባዢ»ን እመርጣለሁ። ድሮ መሥሪያ ቤት የነበረው ማባዣ ማሽን ትዝ ይለኛል፣ አንድ ወረቀት ትሰጪውና መቶ ያወጣል፣ ቫይረስም እኮ አንድ ሆኖ ገብቶ ሚሊዮን ሆኖ ነው የሚወጣው። ከግዕዙ በዝኀ የመጣ ነው፣ ሰውም ወዲያው ይገባዋል።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። እኔ ግን ወደ «ቀዳ» ነው የምሄደው። አባቴ ዘጌ ላይ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፣ ዳዊት ሲጽፉ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው ያደግሁት። አብነቱ መጽሐፍ በግራ ይዘረጋል፣ የተፋቀው ብራና ጉልበታቸው ላይ፣ መቃ ብዕሩ ቀለሙ ውስጥ ገባ ወጣ እያለ። «እየቀዳሁ ነው» ነበር የሚሉት። ቀድሐ ማለት ውኃ መቅዳት ነው፣ ከዚያ መጽሐፍም ተቀዳ፣ ጠላም ከጋን ወደ ጣሳ ይቀዳል። ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ሲሄድ ጠላው ያው ጠላ ነው። ደግሞ ፈረንጆቹ የሚገለበጠውን ወረቀት ምን እንደሚሉት አላውቅም እንጂ በኛ «አብነት» ይባላል፣ እሱን አትልቀቂው።

ጣና ዳር፦
የኔታ፣ «አብነት»ን ወስጃለሁ፣ እንዴት እስከ ዛሬ እንዳልመጣልኝ ራሴን ታዘብኩ። «ቀዳ» ላይ ግን ይፍቀዱልኝ ልከራከርዎ፣ ምክንያቱም እርስዎ ያሉት «ጠላው ያው ጠላ ነው» የሚለው እዚህ ላይ አይሆንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምባሆ ዥጉርጉር ቫይረስን እንውሰድ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካዊው ኬሚስት ስታንሊ እንደ ጨው ክሪስታል ያደረገው እሱ ነው፣ የአር ኤን ኤው ፊደሎች ተቆጥረው 6,395 ናቸው። ይህ አር ኤን ኤ ሴሉ ውስጥ ሲገባ እንዳለ ይነበባል፣ ፕሮቲን ይሠራበታል። ኢንዛይሙ ግን እንዳለ አይቀዳውም። አንደኛ፣ በኤ ፋንታ ዩ፣ በጂ ፋንታ ሲ እያደረገ ጓደኛውን ነው የሚጽፈው። ሁለተኛ፣ ከግርጌ ተነሥቶ ወደ ራስጌ ነው የሚሄደው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወጣው ነገር ከዋናው ጋር ፊትና ጀርባ የሆነ ነው፣ ብታነቡት ፕሮቲን አይሆንም። ከዚያ ያንን ጀርባውን እንደገና አብነት አድርጎ ሲገለብጠው ነው ዋናው ተመልሶ የሚመጣ፣ ያውም በብዙ እጥፍ፣ ከአንድ ጀርባ ብዙ ፊት።

አሁን አማርኛችንን እዩት። «ገለበጠ» ማለት ምንድነው? ምጣድ ገለበጠ፣ ልብስ ገለበጠ፣ ማለትም ውስጡን ወደ ውጭ፣ ላዩን ወደ ታች አደረገ። ደግሞም ያው ቃል ደብተር ገለበጠ፣ ጽሑፍ ገለበጠ፣ ማለትም አንዱን አይቶ ሌላውን ጻፈ። ሁለቱ ትርጉም አንድ ግስ ላይ አብሮ ተቀምጧል፣ እና ይሄ ኢንዛይም ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ነው የሚያደርገው! እየጻፈ ያዞራል፣ እያዞረ ይጽፋል። ሌሊት ይሄ ሲገባኝ ተነሥቼ መብራት አበራሁ።

ሽምብጥ፦
ውብ ነው እህቴ፣ ግን «ገልባጭ» ስትዪ ገበሬው የሚያስበው አሸዋ የሚያራግፈውን መኪና ነው። መንገድ ላይ ሌላ ገልባጭ የለም። ቅጠል ውስጥ ገልባጭ ገባ ብትዪው ምን ይልሻል?

ጣና ዳር፦
ልክ ነህ፣ እኔንም ያስፈራኝ እሱ ነው። ብቻውን አላቆመውም፣ «አር ኤን ኤ ገልባጭ ኢንዛይም» ብዬ አስሬ ነው የምጽፈው። ቃል ደግሞ እንደ ቦታው ነው የሚነበበው፣ በቫይረሶቹም ዘንድ እንደዚያው ነው። ሚቶቫይረስ የሚባሉ የፈንገስ ቫይረሶች አሉ፣ ፈንገሱ ሚቶኮንድርያ (ለሴሉ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) ውስጥ የሚኖሩ፣ እዚያ ውስጥ ዩ ጂ ኤ የሚለው ሦስት ፊደል ትሪፕቶፋን የሚባለውን አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበትን ጡብ) አምጣ ማለት ነው፣ ከሚቶኮንድርያው ውጭ ባለው ሴል ግን ያው ሦስት ፊደል «አቁም» ማለት ነው። ስለዚህ የብዙዎቹ የገልባጭ ኢንዛይም መመሪያ ውጭ ቢነበብ መሃል ላይ ይቆረጣል።

እነዚህ ሚቶቫይረሶች በጣም ነው የሚገርሙኝ፣ ሁለት ሺህ ተኩል ገደማ ፊደል ብቻ አላቸው፣ ልብስ የሚሆን የፕሮቲን ቅርፊት እንኳ የላቸውም፣ የሚሠሩት አንድ ፕሮቲን ብቻ ነው እሱም ገልባጩ። ሁሉንም ነገር ጥለው ገልባጩን ይዘው ቀሩ። ዳቦና ቢራ የምናደርግበት እርሾ ውስጥም ናርናቫይረስ የሚባሉ እንደዚሁ ራቁታቸውን የሚኖሩ አሉ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
«ገልባጭ» ይሁን፣ ረትተሽኛል፣ ስለ ፊትና ጀርባው ብቻ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ከገለበጠ ሁለት ስም ይወጣል፣ ጠ ወደ ጨ ተለውጣ «ገልባጭ» ስትሆን አድራጊው ነው፣ «መገልበጫ» ስትል ደግሞ ዕቃው። ኢንዛይሙ አድራጊ ነው ወይስ ዕቃ? ከሁለቱ ሌላ ደግሞ «ግልባጭ» አለ፣ የወጣው ነገር፣ ደብዳቤ ግርጌ ላይ «ግልባጭ፦» ብለን የምንጽፈው። በአንዲት ፊደል ልዩነት ነው፣ ገ ብትዪ ጸሐፊው፣ ግ ብትዪ የተጻፈው፣ ስለዚህ ስታትሚ አደራሽን ተጠንቀቂ።

ጣና ዳር፦
የኔታ፣ አድራጊ ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም እጅ አለው። በእውነት ነው የምለው፣ የኢንዛይሙ ቅርጽ ሲታይ እንደ ተጨበጠ ቀኝ እጅ ነው፣ አጥኚዎቹም ጣቶች፣ መዳፍ፣ አውራ ጣት ብለው ነው ክፍሎቹን የሚጠሩት። አር ኤን ኤው በእጁ መሃል ያልፋል፣ አዲሱ ፊደል የሚጣበቀው መዳፉ ላይ ነው። መዳፉ ላይ ደግሞ በአብዛኛው ግላይሲን፣ አስፓርቲክ፣ አስፓርቲክ የሚባሉ ሦስት አሚኖ አሲዶች ተከታትለው ይገኛሉ፣ አስፓርቲኮቹ የማግኒዥየም ብናኝ ይዘው ሥራው የሚሠራው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ካመርና አርጎስ የሚባሉ ተመራማሪዎች የተክልን፣ የእንስሳንና የባክቴሪያን ቫይረሶች ጎን ለጎን አድርገው ይቺን ምልክት በሁሉም ላይ አገኟት። የበርበሬ ቫይረስና የፖሊዮ ቫይረስ መዳፋቸው ይመሳሰላል ማለት ነው።

አባትዎ ሲሳሳቱ ምን ያደርጉ ነበር?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
በካራ ጫፍ ቀለሙን ፍቀው፣ ብራናውን አለስልሰው፣ በላዩ ይጽፉታል። ቃል ከዘለሉ ከመስመሩ በላይ በትንሹ ያስገቡታል። ጨርሰው ደግሞ ሌላ ሰው አብነቱን እያነበበ እሳቸው ይከተላሉ፣ ያላረሙትን አይሰጡም።

ጣና ዳር፦
ይሄኛው ካራም የለው፣ አራሚም የለው። ከአሥር ሺህ ፊደል አንዱን ይስታል ብንል እንኳ 6,395 ፊደል ሲገለብጥ ከግልባጮቹ ግማሽ ያህሉ ላይ አንድ ስሕተት አይጠፋም። ብዙዎቹ ይሞታሉ፣ አንዳንዱ ግን በለስ ይቀናውና የማይታመመውን ዘር የሚያሳምም ሆኖ ይወጣል፣ የተሻሻለ ዘር አምጥተን ከጥቂት ዓመት በኋላ «ዘሩ ተበላሸ» የምንለው አንዳንዴ ከዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ለቋንቋ ሰው የሚጣፍጠው። ይሄ የትምባሆው ቫይረስ መመሪያው መሃል ላይ አራት ነጥብ አለው፣ «አቁም» የሚል። አንባቢው፣ ማለትም መመሪያውን እያነበበ ፕሮቲን የሚሠራው የሴሉ መሣሪያ፣ ብዙ ጊዜ እዚያ ይቆምና 126 የሚባለውን ፕሮቲን ይሠራል። ከመቶ 5 እስከ 10 ጊዜ ግን አራት ነጥቡን ሳያይ አልፎ ያነባል፣ ያኔ ረጅሙ 183 ይወጣል፣ መዳፉና ጣቱ ያለው በዚያ በተጨመረው ጭራ ላይ ነው! ገልባጩ የሚገኘው አራት ነጥብ ሲታለፍ ብቻ ነው። «ነጥብ ማለፍ» ብዬ ልጻፈው ይሆን?

ሽምብጥ፦
«ነጥብ ማለፍ» በጣም ያምራል። ንባብ ቤት ያለፈ ሁሉ ይገባዋል፣ ነጥብ ያለፈ ልጅ ምን እንደሚደርስበት ስለምናውቅ። ግን ጽሑፍሽ ውስጥ የበቆሎውስ?

ጣና ዳር፦
የበቆሎውም ያው ነው። በቆሎን ቅጠሉን አድርቆ የሚገድለው በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ኬንያ ታየ፣ በ2014 እኛ አገር ተነገረ፣ ሁለት ቫይረስ ሲገናኝ የሚመጣ ነው። አንደኛው 4,437 ፊደል ያለው ነው፣ ገልባጩን የሚያገኘው እንደ ትምባሆው ነጥብ አልፎ ነው። ሌላኛው ነጥብ አያልፍም፣ አንድ ረጅም ፕሮቲን ሠርቶ ይቆራርጠዋል፣ ከቁራጮቹ አንዷ ገልባጭ ናት። የእርሾው ኤል-ኤ ቫይረስ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው፣ አንባቢው አንዲት ፊደል ወደ ኋላ ይንሸራተትና ከዚያ ወዲያ ያለው ቃል ሁሉ ሌላ ይሆናል፣ ከመቶ ንባብ ሁለት ያህሉ ብቻ።

ለጽሑፉ የመረጥኩት እንግዲህ ይሄ ነው፣ «ቫይረሱ በዛ» ሲባል ማባዛት ይሁን፣ ኢንዛይሙ የሚሠራው ሥራ ግን መገልበጥ፣ እሱ ራሱ ገልባጭ፣ የሚያየው አብነት፣ የሚወጣው ግልባጭ። ሽምብጥ ወንድሜ፣ «አባዢ»ህ ሙሉ በሙሉ አልወደቀም።

ዛሬ ጠዋት ረቂቁን ለእናቴ አነበብኩላት፣ ቃሪያ እየለቀመች ነበር፣ የተጣመመውን ለብቻ እየጣለች። «ግልባጭ» ስል ቀና አለችና «እንደ መሬቱ ደብተር ግልባጭ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ዋናው ማን ጋ ነው ያለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዋናውም፣ ጀርባውም፣ የጀርባው ግልባጭም እዚችው አንዲት ቅጠል ውስጥ ነው፣ ዋናው የትኛው እንደሆነም መለየት አይቻልም አልኳት። ቅጠሏን አገላብጣ አየቻትና ከለቀመችው ለይታ ወደ እሳቱ ጨመረቻት።