ልጄን ኦርጋን ላስተምራት ወይስ ብሩን ለሌላ ነገር ላውለው? (ደ/ማርቆስ)

የሶሊ እናት (ደብረ ማርቆስ)፦
ሰላም እንዴት ሰነበታችሁ ቤተሰቦች። ልጄ 5 አመት አልፏታል፣ ዩኬጂ ናት። ትምህርት ቤቷ በቀደም ወላጆችን ሰብስቦ ከሰዓት በኋላ ኦርጋንና ቫዮሊን ልናስተምር ነው ብሎ ወረቀት በተነ። ወረቀቱ ላይ ሙዚቃ የተማረ ህፃን በሂሳብ ይበልጣል፣ አይኪው (የአእምሮ ብቃት መለኪያ ነጥብ) ይጨምራል፣ አእምሮ ከ7 አመት በፊት ካልተከፈተ በኋላ አይከፈትም ይላል። ክፍያው በወር 1500 ብር ሲሆን ለቤት መለማመጃ ኦርጋን ደሞ ራሳችሁ ግዙ ተብለናል። ባለቤቴ "እኔ ከብት ስጠብቅ ዋሽንት ስነፋ ነው ያደግሁት፣ ሂሳብ ግን እስከዛሬ አልገባኝም" እያለ ይስቃል። እናቴ ደሞ ይሄን ሁሉ ብር ከምትከፍሉ ቄስ ትምህርት ቤት አስገቧት ባይ ናት። ልጅቷ ራሷ እንደሆነ ከጠዋት እስከ ማታ የድስት ክዳን በማንኪያ እየደበደበች ታናሽ ወንድሟን ስታስጨፍር ነው የምትውለው፣ ክዳኖቼ ሁሉ ጎብጠዋል። እና እውነት አእምሮ ይጨምራል ወይ? ብሩ ለኛ ቀላል አይደለም፣ የምታውቁ እባካችሁ መልሱልኝ።

ዳሞት፦
ምን ትጠብቂያለሽ እህቴ ቶሎ አስገቢያት እንጂ። እኔ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር እያለች ሞዛርት (የድሮ የፈረንጅ ክላሲካል ሙዚቃ) ልጅን ጎበዝ ያደርጋል ሲባል ሰምተን እናሰማት ነበር፣ ልጁ አሁን ከክፍሉ 2ኛ ነው። ፈረንጅ ዝም ብሎ አያወራም።

የጣና ዳር መምህር (ባህር ዳር)፦
ወንድሜ ዳሞት ልጁ ይባረክልህ፣ ግን ሁለተኛ ያወጣው ሞዛርት ሳይሆን አንተና እናቱ ከጎኑ ተቀምጣችሁ ስላስጠናችሁት ይመስለኛል። ሳይኮሎጂ ነው የማስተምረው ስለዚህ ትንሽ ይረዝምብኛል ቻሉኝ።

የሞዛርቱ ወሬ የመጣው በ1993 (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምፅፈው) አሜሪካ ከተሰራ ጥናት ነው። የተፈተኑት 36 ሲሆኑ ሁሉም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፣ ህፃን የሚባል የለበትም። የሞዛርትን ሶናታ (ለሁለት ፒያኖ የተደረሰ ሙዚቃ) 10 ደቂቃ ሰምተው ወረቀት ታጥፎ ሲቆረጥ ምን እንደሚመስል በሀሳብ የመገመት አይነት ፈተና ሲፈተኑ ዝም ብለው ተቀምጠው ከተፈተኑበት ጊዜ የተሻለ ሰሩ፣ ያ ለውጥም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ ጠፋ፣ በቃ ይሄው ነው። ከዛ ጋዜጣው አራገበውና በ1998 የጆርጂያ ግዛት ገዥ ለሚወለድ ህፃን ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ ይታደል ብሎ 105,000 ዶላር በጀት እስከመጠየቅ ደረሰ። በኋላ ሌሎች ሲመረምሩት ነገሩ ሰው ነቃ ሲልና ደስ ሲለው ለጥቂት ጊዜ ፈተና ይቀለዋል የሚል ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ማዳመጥና መማር የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ የሶሊ እናት የጠየቀችው ስለ መማር ነው።

ስለ መማር ደሞ ለትምህርት ቤቱ የሚያግዝ ጥናት የለም አልልም። በ2004 ሸለንበርግ የሚባል ተመራማሪ ቶሮንቶ ላይ 144 የ6 አመት ልጆችን አራት ቦታ ከፍሎ አንዱን ኪቦርድ (ያው ኦርጋን)፣ አንዱን በድምፅ መዘመር፣ አንዱን ድራማ አስተማረ፣ አራተኛውን ምንም ሳያስተምር አቆየው። ልጆቹ አንደኛ ክፍል የገቡበት አመት ስለሆነ የሁሉም አይኪው ከፍ ብሏል፣ ሙዚቃ የተማሩት በአማካይ 7 ነጥብ ሲጨምሩ ሌሎቹ 4.3 ጨመሩ። እንግዲህ ያ ሁሉ ልፋት ያመጣው ልዩነት ሶስት ነጥብ አይሞላም። የሚገርማችሁ ደሞ ድራማ የተማሩት ከሰው ጋር በመግባባት ከሁሉም በልጠው ተገኙ፣ ይሄን ግን ወረቀት ላይ የሚፅፍላችሁ ትምህርት ቤት የለም።

ከዛ በ2013 ሃርቫርድ ላይ የ4 አመት ልጆችን ከወላጆቻቸው ጋር ለስድስት ሳምንት ሙዚቃ አስተምረው ሲፈትኗቸው የተጨበጠ ብልጫ አልተገኘም፣ ጊዜው አጭር ነው ብትሉም እሺ። ትልቁ ግን በ2020 የወጣው ነው። ሳላ እና ጎቤ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች 54 ጥናቶችን፣ ወደ 7000 የሚጠጉ ልጆችን አንድ ላይ ደመሩና እንዲህ የሚል ነገር አገኙ፦ ሙዚቃ የተማረን ልጅ ምንም ካልተማረ ልጅ ጋር ስታወዳድሩት ትንሽ ይበልጣል፣ ስዕል ወይ ሌላ ነገር ከተማረ ልጅ ጋር ስታወዳድሩት ግን በማስታወስም በሂሳብም በንባብም ብልጫው ወደ ዜሮ ይወርዳል። ማለትም አብዛኛውን የሚሰራው አንድ ትልቅ ሰው ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ የሆነ ነገር በስርዓት ማስተማሩ ነው። ሌላው ደሞ ሙዚቃ የሚማሩ ልጆች ጎበዝ የሚመስሉት ብዙ ጊዜ ቤታቸው ገንዘብም የተማረ ወላጅም ስላለ ነው፣ እሱን ኦርጋኑ አላመጣውም።

የ7 አመቱ ነገር ማስፈራሪያ ነው። እውነት የሆነችው ክፍል ድምፅ ብቻ ሰምቶ "ይሄ ዶ ነው፣ ይሄ ላ ነው" ብሎ ያለምንም ማነፃፀሪያ መለየት የሚችሉ ሰዎች አብዛኞቹ በልጅነት የጀመሩ መሆናቸው ነው። ከዛ ውጪ በ10ም በ15ም አመቱ ጀምሮ የሚያስጨበጭብ ሙዚቀኛ የሆነ ሞልቷል።

ዳሞት፦
እና በአጭሩ ምንም ጥቅም የለውም ነው ምትለን መምህር? 😄

የጣና ዳር መምህር፦
አላልኩም። ጥቅሙ ያለው ከጆሮ አካባቢ ነው። ሎስ አንጀለስ ላይ ከድሃ ሰፈር የተውጣጡ ከ6 እስከ 9 አመት የሆኑ ልጆችን በነፃ ሙዚቃ አስተምረው አንጎላቸው የንግግር ድምፆችን እንዴት እንደሚለይ በመሳሪያ ሲለኩ፣ ከአንድ አመት በኋላ ለውጥ የለም፣ ከሁለት አመት በኋላ ግን ለይቶ የመስማት አቅማቸው ተሻሽሎ ተገኘ። ምት መጠበቅ የሚችል ልጅ ቃልን በየድምፁ መበተንም ይቀለዋል፣ ይሄ ደሞ ንባብ ለሚጀምር ልጅ የሚጠቅም ነገር ነው። ግን ሁለት አመት ነው ያልኩት፣ ለአንድ ተርም ከፍላችሁ ሂሳብ 100 አትጠብቁ።

የየኔታ ተማሪ (ደብረ ኤልያስ)፦
እናትሽ ያሉትን አትናቂ እታለም። መምህር ስለ ጆሮ ያለውን ነገር የኛ አባቶች ያለ መሳሪያ ያውቁት ነበር። ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ያውቀዋል፣ ፊደሉም በዜማ ነው የሚቆጠረው፣ ከዛ መልእክተ ዮሐንስ ላይ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ በሚባሉት የንባብ ደረጃዎች እያልክ ትወርዳለህ፣ እያንዳንዱ ቃል ተነሽ ይሁን ወዳቂ ይሁን ሰያፍ ይሁን ተጣይ (የቃሉ ድምፅ አወራረድ ማለት ነው) በጆሮህ ካልለየህ የኔታ አያሳልፉህም። አንዲት ቃል ወዳቂውን ተነሽ አርገህ ካነበብክ ከሩቅ ጋቢያቸውን ተከናንበው አይናቸውን ጨፍነው እንደተቀመጡ "አይደለም!" ይሉሃል፣ እኛ ተኝተዋል ብለን ነበር። ዳዊት ሳንደግም በፊት ጆሯችን ተስሏል። ክፍያው ደሞ ያው የአቅም ነው። ዜማ ቤት ገብታ ሶስቱን የዜማ አይነቶች ግዕዝ ዕዝል አራራይ ትለይ አልልም ገና ህፃን ናት፣ ፊደሉንና ንባቡን ግን ክረምት ላይ ብትሞክሪው አትከስሪም።

የጣና ዳር መምህር፦
ይሄ ሀሳብ ተመችቶኛል። ቄስ ትምህርት ቤቱን በአይኪው የለካው ሰው አላውቅም፣ ግን ድምፅ ለይቶ መስማት፣ ተራ ጠብቆ መቀበል፣ በቃል መያዝ፣ ሁሉም እዛው አሉ። ዱላው ብቻ ይቅርብን 😅

የፍኖተ ሰላሟ፦
ዱላ ስትል አስታወስከኝ። የኔ ልጅ በ6 አመቱ አንድ ቦታ ኦርጋን አስገብቼው ነበር፣ በጣም ይወድ የነበረ ልጅ ከጊዜ በኋላ ሆዴን አመመኝ ማለት አመጣ፣ የትምህርቱ ቀን ሲደርስ ብቻ ነው የሚያመው። አንድ ቀን ሳላስነግር ሄጄ በር ላይ ብቆም አስተማሪው ኖታ በተሳሳተ ቁጥር ጣቱን በማስመሪያ ጠርዝ ይመታዋል። እዛው አስወጣሁት፣ አሁን 9 አመቱ ነው ኦርጋን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ እህቴ አይኪው ምናምኑን ተይውና መጀመሪያ አስተማሪው ማነው ብለሽ ጠይቂ፣ ሳትነግሪያቸውም ሄደሽ እዪ፣ በር ዘግተን ነው የምናስተምረው ካሉሽ እዛው ተመለሺ።

ክራር ገራፊው (ባህር ዳር)፦
ልጆች አስተምራለሁ፣ ስለዚህ ስለ መሳሪያው ልናገር። ቫዮሊን ለ5 አመት ልጅ በልኳ የተሰራ ትንሿ ካልሆነች አይሆንም፣ አንድ ስምንተኛ የሚሉት መጠን አለ፣ ትልቁን አሸክመው የሚያስተምሩ ከሆነ አንገቷንና ትከሻዋን ነው የሚጎዷት፣ ስታድግ ደሞ እየቀያየርሽ ልትገዢ ነው። ኦርጋን ለጀማሪ ይቀላል ምክንያቱም ስትነካው ትክክለኛው ድምፅ ይወጣል። ባለቤትሽ የሚያውቃት ዋሽንት አራት ቀዳዳ ብቻ ናት ግን ቀዳዳዎቹ ስለሚራራቁ የህፃን ጣት አይደፍናቸውም፣ ትንሽ ትደግ።

ለኔ ብትጠይቂኝ ትንሽ ክራር ነው የምልሽ፣ ስራዬ ስለሆነ አዳልቼ ሊሆን ይችላል። አምስት ወይ ስድስት ክር ነው ያለው፣ በትዝታ ቅኝት (ክሮቹን የማስተካከያ አንዱ መንገድ) ከተቃኘላት የትኛውንም ክር ብትነካ ከሌላው ጋር ይስማማል፣ የሚያስጠላ ድምፅ የለም፣ ልጅ ደሞ የመጀመሪያውን ወር የሚያስፈልገው ይሄ ነው። መጀመሪያ አንድ አንድ ክር መነካካት፣ ግርፉ በኋላ ይመጣል ምክንያቱም በቀኝ እየገረፉ በግራ ጣት የማይፈለገውን ክር ማፈን ለትልቅ ሰውም ያደናግራል። ትምህርቱ በዚህ እድሜ ከግማሽ ሰዓት አይብለጥ፣ ቤት ውስጥ በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል፣ እምቢ ካለች ያን ቀን ተያት። አንድ ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ የሚያስቀምጡ ከሆነ ልጅ የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

ሲስተር (ሞጣ)፦
ነርስ ነኝ፣ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ልጁ ዜማ አይይዝም፣ ሲጠሩት አይሰማም፣ ቲቪ ድምፅ ጨምሩ ጨምሩ ይላል፣ ወይ ጆሮው መግል ይወጣዋል ከሆነ ከሙዚቃ በፊት ጆሮው ይታይ። ፈዛዛ ነው እየተባለ ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ልጅ ስንቴ ጆሮው ሆኖ እናገኘዋለን። ሌላው፣ ኦርጋን ላይ ኢርፎን ሰክታችሁ ድምፁን ለቃችሁ አታለማምዱ፣ ቤቱ ይረበሽ ችግር የለም።

የሶሊ እናት፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ማታ ለባለቤቴ እያነበብኩለት "አላልኩሽም" እያለ አስቸገረኝ። የሶሊ ጆሮ እንኳን ሰላም ነው፣ ከረሜላ ሲፈታ ከጓዳ ትሰማለች። ግን አንድ ነገር አልገባኝም፣ መምህር፣ ብሩን ባልከፍል ልጅቷን እየበደልኳት ነው ወይስ አይደለም? ሌሎቹ የክፍሏ ልጆች ሊገቡ ነው እኮ።

የጣና ዳር መምህር፦
አልበደልሻትም። ብሩ ከምግብ፣ ከመፅሐፍ ወይ ከቤት ኪራይ ላይ የሚቀነስ ከሆነ አትክፈይ፣ በአእምሮ እድገት የሚቀርባት ነገር አለ ብሎ በእርግጠኝነት የሚነግርሽ ሰው የለም። ትርፍ ብር ካለና ልጅቷ ከወደደችው ደሞ ክፈይ፣ ግን ሙዚቃ እንድትችል ብለሽ ክፈይ፣ መሳሪያ መጫወት መቻል ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ለሂሳብ ማዳበሪያ መሆን የለበትም። ሂሳብ እንድትችል ከፈለግሽ ሂሳብ አስጠኚያት፣ ቁልፉ እዛው ነው። በነፃ የሚሆነው ደሞ ብዙ ነው፦ ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር አለ፣ ለቡሄ ሆያ ሆዬ ሲባል ወንዶቹ አውራጅና ተቀባይ ሆነው በዱላ ምት ሲጠብቁ አይተሻል፣ ሶሊም ለእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ከጓደኞቿ ጋር ስትለማመድ ተያት። ጀርመን አገር የ4 አመት ልጆች አብረው ሲዘፍኑና ሲጨፍሩ ከቆዩ በኋላ ዝም ብለው ከተጫወቱት ይልቅ እርስ በርስ ሲረዳዱ ታይተዋል፣ በ2010 የወጣ ነው። ለዛ ኦርጋን አያስፈልግም።

ዳሞት፦
እኔም ሞዛርቱን ትቼ የጎጃም እስክስታ ልክፈትለት በቃ።

የሶሊ እናት፦
😂😂 እሺ፣ ትምህርት ቤቱን ለአንድ ወር ብቻ እሞክራለሁ፣ ሳልነግራቸውም ሄጄ አያለሁ። ክራር ገራፊው፣ ያገለገለ ኦርጋን ጎረቤት ሊሸጥልን ነው፣ ምን ምን ልይ? ክራሩስ ከባህር ዳር ይላካል?

ክራር ገራፊው፦
61 ቁልፍ ያለው ከሆነ ከበቂ በላይ ነው፣ ቁልፎቹ የአሻንጉሊት ጠባብ አይሁኑ፣ ሙሉ መጠን ይሁኑ። ከግራ እስከ ቀኝ አንድ በአንድ ንኪያቸው፣ የማይጮህ ወይ ተጭኖ የሚቀር ካለ ዋጋ አስቀንሺ። በባትሪም ይሰራ እንደሆነ ጠይቂ፣ መብራቱን ታውቂው የለ። አዳፕተሩ የራሱ መሆኑንም እዪ፣ ያልሆነ አዳፕተር ሰክተው ያቃጠሉትን ብዙ አይቻለሁ። ክራሩን መንገዱ ሰላም ሲሆን በመኪና እልክልሻለሁ፣ ቃኝቼ ብልከውም መንገድ ላይ ይላላል ስለዚህ ሲደርስሽ ደውይልኝና በስልክ እያሰማሁሽ አብረን እንቃኘዋለን።