ከክፍል ጓደኞቼ ጋር የመጀመሪያ ሩጫዬን ልሮጥ ነው፤ ክረምቱን ለገጣፎ ሆኜ እንዴት ልዘጋጅ?

የጣፎ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ኢስታንቡል ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ለክረምት እረፍት ቤተሰብ ጋ ለገጣፎ መጥቻለሁ። የክፍል ልጆች ተሰባስበን ለኢስታንቡል ማራቶን ተመዝግበናል። ሙሉውን ሳይሆን 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን። ውድድሩ ጥቅምት ማብቂያ ላይ ነው። ከእስያ በኩል ተነስተን የቦስፎረስን ድልድይ በእግራችን ተሻግረን አውሮፓ እንገባለን። ድልድዩ በሌላው ቀን ለእግረኛ ዝግ ስለሆነ ሁላችንም ጓጉተናል።

የጨነቀኝ ሌላ ነው። ከትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ውጪ ሮጬ አላውቅም። ጓደኞቼ ግን ኢትዮጵያዊ ስለሆንኩ ብቻ የምመራቸው ይመስላቸዋል። ቱርካዊቷ ጓደኛዬ ኃይሌንም ደራርቱንም በስም ታውቃለች። ከካዛኪስታን የመጣው ልጅ ደግሞ «አንቺን ተከትለን ነው የምንገባው» ብሎ ግሩፓችን ላይ ጻፈ። በአገሬ መታወቄ ደስ ይለኛል፤ ግን ከበደኝ።

እዚህ ደግሞ ጭቃው አያስወጣም። ሰፈራችን ኮብልስቶን የተነጠፈው ግማሹ ብቻ ነው። ጠዋት በሰንዳፋ መንገድ የሚያልፉትን አትሌቶች ሳይ ወደ ቤት ልመለስ ልመለስ ይለኛል። ትናንት ዱብ ዱብ ልበል ብዬ ወጥቼ ገና ከመጀመሬ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ኢስታንቡል ያንን ሁሉ ዳገት ስወጣ እንኳ እንዲህ አልሆንም። ምን ነክቶኝ ነው? ከየት ልጀምር?

ሱሉልታ ሜዳ

እህቴ፣ ምንም አልነካሽም። ከባሕር ዳርቻ ከተማ ነው የመጣሽው። አብዛኛው አዲስ አበባና እናንተ ጋ ለገጣፎ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ እኛ ሱሉልታ 2,700 ገደማ ላይ ነን። እዚህ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅን ያንሳል። ሰውነትሽ እስኪለምደው ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። እዚሁ ተወልደሽ ብታድጊም ለወራት ቆላ ከከረምሽ ያው ነው።

እኔ ለክለብ ሮጫለሁ፤ አሁን ታዳጊዎች አሠለጥናለሁ። አስፋልት ላይ ያየሻቸውን ልጆች አይተሽ ተስፋ አትቁረጪ። አስፋልት የሚወጡት ጠንከር ያለ ልምምድ ባላቸው ቀን ነው። ቀለል ያለ ሩጫ ባላቸው ቀን እንጦጦ ወይም እኛ ጋ ጫካ መጥተሽ ብታያቸው ትገረሚ ነበር። አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰልፈው፣ በባሕር ዛፉ መሀል ዚግዛግ እየሠሩ፣ እያወሩ ያዘግማሉ። ለአገር የሮጠ ሰው እኮ ነው እንደዚያ የሚያዘግመው። ጀማሪ ግን በወጣ ቁጥር ይፈጥናል፤ ከዚያ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ይተዋል። በየዓመቱ ስንቱን አየሁ!

ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃሻል። መጀመሪያ አራት ደቂቃ ተራመጂ፣ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ እንደገና ተራመጂ። እየሮጥሽ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው። ሩጫውን ቀስ እያልሽ አርዝሚው። ከመመለስሽ በፊት በዝግታም ቢሆን 10 ኪሎ ሜትር መጨረስ ከቻልሽ በቂ ነው። ሣር ያለበት ሜዳ ቢጨቀይም ለእግር ጥሩ ነው። ዝናብ የመታው ኮብልስቶን ግን ያንሸራትታል፤ እሱን በእርምጃ እለፊው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፍታ ላይ የሚጨምረው ቀይ የደም ሴል ወደ ቆላ ከወረድሽ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። እስከ ጥቅምት አይጠብቅሽም። የለመደ እግርሽን ግን ይዘሽው ትሄጃለሽ። መስከረም ላይ እዚያም ቀጥዪ።

እናት ከሰንዳፋ

ልጄ፣ ከ12 ሰዓት በፊት እንዳትወጪ። በዚህ በክረምት ጅቡ እስኪነጋ አይገባም፤ ውሻውም ለብቻዋ የምትሮጥ ሰው ካየ አይለቅም። አትሌቶቹም ቢሆኑ በቡድን ነው የሚወጡት። ታናሽ ወንድም ካለሽ አስከትዪው። አስፋልት ከወጣሽ በግራ ጠርዝ፣ መኪናው ፊት ለፊት እየመጣልሽ ሩጪ። ጉም ሲሆን ሲኖትራኩ አያይሽም፤ ደማቅ ልብስ ልበሺ። ስትመለሺ በሶ በጥብጠሽ ጠጪ። አይዞሽ፣ በርቺልኝ።

ቡዳፔስት ያለሁት

እኔም የመጀመሪያ ሩጫዬን ከክፍል ልጆች ጋር ነው የሮጥኩት። «ኢትዮጵያዊ ነህ» የሚለው እኔም ላይ ነበር። ከውድድሩ በፊት ቁጭ ብለን ተነጋገርን፤ አብረን ጀምረን አብረን እንጨርሳለን፣ ፍጥነታችንም በመካከላችን ዝግ የሚለው ሰው ፍጥነት ይሆናል ተባባልን። አንዷ ልጅ ሆዷን ሲወጋት ሁላችንም ተራመድን። የጨረስነው ተያይዘን ነው። ሰዓታችንን ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ ፎቶው ግን የሁላችንም ስልክ ላይ አለ።

ለጓደኞችሽ አሁኑኑ ንገሪያቸው፤ እስከ ዋዜማው አትጠብቂ። ከቻልሽ የታላቁ ሩጫን ቪዲዮ ላኪላቸው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ፊት ያሉት አትሌቶች ይፎካከራሉ፤ ከኋላ ያለው ሕዝብ ደግሞ 10 ኪሎ ሜትሩን እየዘፈነ፣ እየጨፈረ ነው የሚጨርሰው። እሱም የእኛ ሩጫ ነው። ከካዛኪስታን የመጣው ልጅ ያንን ካየ ከፊት ሳይሆን ከጎንሽ መሮጥ ነው የሚፈልገው።

የጣፎ ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለግሩፑ አሁን ጻፍኩላቸው። ቱርካዊቷ ወዲያው መለሰች፤ እሷም ፈርታ ነበር ለካ! ከነገ ጀምሮ እኔና ወንድሜ ሜዳው ላይ ነን፤ አራት ደቂቃ እርምጃ፣ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ። እናቴ፣ በሶውን ከመውጣቴ በፊት ብጠጣውስ?

እናት ከሰንዳፋ

ኧረ በፊት ይከብድሻል ልጄ! ከተመለስሽ በኋላ ነው፤ ማርም ጠብ አድርጊበት።