«አይ ኢ» እና «ኢ ጂ»፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እንግሊዝኛ ጽሑፍ ሳርም «አይ ኢ» እና «ኢ ጂ» የተባሉት ምሕጻረ ቃላት ያደናግሩኛል። አንዱን በሌላው ቦታ የሚያስገባ ጸሐፊ ብዙ ነው። በእርግጥ ልዩነት አላቸው ወይስ እንደ ጸሐፊው ምርጫ ነው? ዝርዝሩንስ በ«ኤትሴትራ»፣ በእኛው «ወዘተ»፣ መዝጋት ይቻላል?

መልስ፦ ምርጫስ አይደለም። ሁለቱም ከላቲን የመጡ ናቸው። «አይ ኢ» «ኢድ ኤስት» ሲሆን የእኛው «ማለትም» ነው፤ «ኢ ጂ» ደግሞ «ኤክሴምፕሊ ግራቲያ»፣ «ለምሳሌ»። ሲጠራጠሩ በአማርኛ ተክተው ያንብቡት። «ሁለት ሰነድ፣ ማለትም ፓስፖርትና የልደት ምስክር ወረቀት ያቅርቡ» ከተባለ ከሁለቱ ሌላ የሚፈለግ የለም። «ማንነትዎን የሚያሳይ ሰነድ፣ ለምሳሌ ፓስፖርት ያቅርቡ» ከተባለ ግን መንጃ ፈቃድ የያዘም ይስተናገዳል። ውል ላይ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል፦ «በውጭ ምንዛሪ፣ ማለትም በዶላር ይከፈላል» ያለ ሰው ዩሮን ዘግቷል፤ «ለምሳሌ በዶላር» ያለው አልዘጋም።

«ኤትሴትራ»ን በተመለከተ፣ «ለምሳሌ» ብለው ሲጀምሩ ዝርዝሩ ሙሉ እንዳልሆነ ተናግረዋል፤ መጨረሻው ላይ መድገም አያስፈልግም። ከ«አይ ኢ» በኋላ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል፤ ያጠሩትን አጥር መልሶ ማፍረስ ነው። ከፊቱ «ኤንድ» የሚጨምሩም አሉ። «ኤት» ራሱ «እና» መሆኑን ረስተው ነው። በእንግሊዝኛው ብቻ አንፍረድ፤ «ወዘተ» «ወዘተርፈ» ከሚለው ግእዝ ያጠረ ነው፣ «የቀረውም» ለማለት፣ «ወ» ደግሞ «እና» ነው። ስለዚህ «እና ወዘተ» ብሎ የሚጽፍ ሁሉ እዚያው ስሕተት ውስጥ አለ።

ሌላ አባል፦ ጥሩ ተብራርቷል። እኔ «ኤት አል»ን ልጨምር። ነጥቡ ከ«አል» በኋላ ብቻ ነው፤ «ኤት» ያላጠረ ሙሉ ቃል ስለሆነ ነጥብ አይገባውም። «አል» «ሌሎች» ማለት ስለሆነ ለጥናት አዘጋጆች እንጂ ለዕቃ ዝርዝር አይሆንም። «ሲ ኤፍ»ም እንዲሁ ይበደላል፦ «አወዳድር» ነው ትርጉሙ፤ ብዙ ሰው ግን «ተመልከት» ለማለት ይጠቀምበታል። የኮማው ነገር እንደ አገሩ ነው። አሜሪካኖች ከ«አይ ኢ» እና ከ«ኢ ጂ» በኋላ ኮማ ያደርጋሉ፣ እንግሊዞች ብዙ ጊዜ ይተዉታል። አንዱን ይዞ እስከ መጨረሻው መሄድ ነው።

ሦስተኛ አባል፦ ለሰፊው አንባቢ የሚጻፍ ከሆነ የእኔ ምክር ሁለቱንም ትቶ ሙሉውን ቃል መጻፍ ነው። የብሪታንያ መንግሥት ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2016 እነዚህን ምሕጻረ ቃላት ቀስ በቀስ እንደሚተው አስታውቆ ነበር። አንዱ ምክንያት ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነበው ሶፍትዌር ነው፦ ያለ ነጥብ የተጻፈውን «ኢ ጂ» አንዳንዴ «ኤግ» ብሎ እንቁላል ያደርገዋል!

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ የቀረችኝ፦ ከ«ኤም ፒ» (የፓርላማ አባል) በፊት የሚገባው የእንግሊዝኛው «ኤ» ነው ወይስ «አን»?

መልስ፦ «አን»። የሚወስነው ፊደሉ ሳይሆን ድምፁ ነው፤ «ኤም» ሲባል ከአፍ የሚወጣው መጀመሪያ አናባቢ ነው። «ዩ ኤን» በተቃራኒው በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በአናባቢ ይጀምራል፣ ሲነበብ ግን «ዩ» ስለሚል «ኤ» ይቀድመዋል። በአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ጀምረው የሚለያዩም አሉ፦ «ኔቶ» እንደ ቃል ስለሚነበብ «ኤ» ይወስዳል፤ «ኤን ቢ ኤ» ፊደል በፊደል ስለሚጠራ «አን»። ጮክ ብለው ያንብቡት፣ ጆሮዎ ይነግርዎታል።