«አንግዊሽ» ሲተረጎም «ሐዘን» ይበቃዋል?

ጥያቄ፦ ከደሴ
አክስቴ ሐይቅ ከተማ ስታርፍ ውጭ አገር ያደገው ልጇ ለቀብር አልደረሰም። አሁን ለአያታችን ደብዳቤ ልኳል፤ አማርኛ መጻፍ ስለማይችል በእንግሊዝኛ ነው። ቅዳሜ ወርጄ ተርጉሜ ላነብላቸው ነው። መርዶውን የሰማበትን ሌሊት «እስኪነጋ ኢን አንግዊሽ ነበርሁ» ይላል። «በሐዘን» ብዬ ጻፍሁና ቀለለብኝ፤ ሰረዝሁት። ምን ልበል?

መልስ፦ ከኮምቦልቻ፣ የእንግሊዝኛ መምህር
መሰረዝሽ ልክ ነው። ሐዘን «ግሪፍ» ነው። «ሞርኒንግ» ደግሞ ሰው የሚያየው ነው፦ ነጠላ ማዘቅዘቅ፣ ጥቁር መልበስ፣ የቅሬ (የእድር) ሰዎች ድንኳን ተክለው ለቅሶ መቀመጥ። አንግዊሽ ውስጥን የሚያሠቃይ ነው፤ ሞት ባይኖርም ይመጣል። ልጇ በባሕር ተሰዶ ወሬው የጠፋባት እናት ያለችው በአንግዊሽ ውስጥ ነው። ለከባድ የአካል ሥቃይም ይውላል። ስም ስለሆነ እንደ ደብዳቤው «ኢን» ሊቀድመው ይችላል።

መልስ፦ ከወልድያ
የቃሉን ሥር ብታዪ ይቀልሻል። በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን «አንጉስቲያ» የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ጥበት። እኛስ «ጭንቅ ጥብብ አለኝ» እንል የለ? እኔ ይህንኑ እጽፍ ነበር።

መልስ፦ ከሐይቅ
ልጄ፣ «ጭንቅ» ብቻውን ይቅር። በጭንቅ ላይ ነኝ ያለ ሰው ታሟል ወይም አንድ ነገር ደርሶበታል ማለት ነው። አያትሽ ልጃቸውን ቀብረው፣ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ምን ሆነብኝ ብለው እንቅልፍ ያጣሉ። አንጀት ጨምሪበት፤ ለእናት የሚቃጠለው አንጀት ነው።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ አደረግሁት፦ «መርዶሽን የሰማሁ ሌሊት ጭንቅ ጥብብ ብሎኝ፣ አንጀቴ ሲቃጠል ነጋ።» «መርዶሽን» ያልሁት ደብዳቤው እዚያ ላይ አያታችንን ትቶ እናቱን ስለሚያናግር ነው።

ጠያቂዋ፣ እሑድ፦
አነበብሁላቸው። እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ነበር። «አንጀቴ» ስል የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ቆየት ብለውም «እስቲ ያቺን ድገሚልኝ» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ደገምሁላቸው።