ወንድሜ ለትራምፕ ድምፁን ሰጠ፤ ኪራዩ ነው ወይስ ስደተኛው ነገር?

የአውሮራዋ እህት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። እዚህ የምርጫ ወረቀት በፖስታ እቤታችን ድረስ ይመጣል። በ2024ቱ የፕሬዝዳንት ምርጫም እንደ ወትሮው ከታናሽ ወንድሜ ጋር ቡና አፍልተን፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ሞላነው። እኔ ለዴሞክራቷ ካማላ ሃሪስ። እሱ ቀና ብሎ ሳያየኝ የትራምፕን ክብ አጠቆረ። ሲኒዬን አስቀምጬ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ደህና አድርገን አላወራንም።

ሁለታችንም የመጣነው ዲቪ ደርሶን ነው። ትራምፕ ደግሞ በ2017 ኒውዮርክ ላይ የመኪናው ጥቃት ከደረሰ በኋላ ዲቪ ይቁም ያለ ሰው ነው። ይህን ወንድሜ ያውቃል።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ከ40 ሺህ በላይ አዲስ ስደተኞች ዴንቨር ገብተዋል፤ አብዛኞቹ ቬንዙዌላውያን ናቸው። በዚያ ብርድ ድንኳን ውስጥ ለሚያድሩት ጃኬትና ብርድ ልብስ ጭኖ የወሰደው ይኸው ወንድሜ ነው። ግን ኪራዩ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ1,400 ወደ 1,950 ዶላር ወጣበት። ኤርፖርት ሰው ያመላልሳል፤ ወረፋው ረዘመ፣ ገቢው ቀነሰ። የሚስቱ እህት ደግሞ ከ2017 ጀምሮ የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ እየጠበቀች ነው። አዲስ አበባ ትታው የመጣችው ልጅ ሁለት ዓመቱ ነበር። አሁን ዘጠኝ ሞልቶታል።

«እኛ ተራችንን ስንጠብቅ ተረሳን» ነው የሚለኝ። ለዚህ መልስ አጣሁ። ከእናንተ መሃል እንዲህ ያለ ነገር ቤቱ የገባበት አለ? ሰው እንዲህ እንዲመርጥ የሚያደርገው ኑሮው ነው ወይስ የስደተኛው ወሬ?

ሹፌሩ፦

እህቴ፣ እኔም እዚያው አውሮራ ነኝ። እኔም እንደ ወንድምሽ ነው የመረጥኩት፤ ስለዚህ በራሴ ልንገርሽ።

ኦክቶበር 11 ትራምፕ እዚሁ ከተማችን መጥቶ አውሮራ በቬንዙዌላ ወንበዴዎች ተወራለች አለ። እኔ ሌት ተቀን ነው የምነዳው። አልተወረረችም። አንድ ሁለት አፓርታማ ላይ የምር ችግር ነበር፤ ከተማው ግን ሰላም ነው። ከንቲባችን ማይክ ኮፍማን ራሱ ሪፐብሊካን ሆኖ ነገሩ እጅግ ተጋኗል ብሏል። ኮፍማንን የኛ ሰው በደንብ ያውቀዋል፤ በ2018 ኤች አር 128 የተባለው፣ የኢትዮጵያን ሰብዓዊ መብት የሚመለከተው ውሳኔ፣ በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት እንዲያልፍ ከሮጡልን አንዱ ነው። ስለዚህ እሱን ነው ያመንኩት።

ታዲያ ለምን መረጥኩ? በጁን 2022 ነዳጅ በአገር ደረጃ በአማካይ ጋሎኑ ከ5 ዶላር ሲያልፍ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ነድቼ ባዶ እጄን የገባሁባቸው ቀኖች አሉ። ያኔ ማንም «እንዴት ነህ» አላለኝም። የድንበሩንና የስደተኛውን ወሬ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ኪሴ ባይጎድል ኖሮ ጆሮ የምሰጠው አይመስለኝም።

ከአሌክሳንድሪያ፦

ኑሮ ብቻ ነው ማለት ግን ይከብደኛል። እኛ ቨርጂኒያ በ2021 የገዥ ምርጫ ላይ ያየነው ሌላ ነው። ስንት ዓመት ለዴሞክራት የመረጡ አበሾች ለሪፐብሊካኑ ዕጩ ለግሌን ያንግኪን ቤት ለቤት ቀሰቀሱ። ምክንያታቸው ኪራይም ድንበርም አልነበረም። የባይደን አስተዳደር በትግራይ ጦርነት ሰበብ አገራችን ላይ ያሳደረውን ጫና ተቃውመው ነው። ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለት ዕቃዋን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምትልክበት ዕድል፣ እንደምትወጣ የተነገረውም በዚያው በምርጫው ቀን፣ ኖቬምበር 2 ነበር።

«ያንግኪንን ያስመረጥነው እኛ ነን» የሚል ሰው አሁንም አለ። ልዩነቱ ከ60 ሺህ ድምፅ በላይ ስለነበር በዚህ አልስማማም። ያን ጊዜ ሰዉን ያናደደው ግን «የትም አይሄዱም» ተብለን መታየታችን ነው። ወንድምሽም ያለው ይህንኑ ይመስለኛል። ተረሳን ነው ያለው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦

በሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር። የዋጋ ግሽበት በጁን 2022 9.1 በመቶ ደርሶ፣ በኦክቶበር 2024 ወደ 2.6 ወርዷል። ዴሞክራቶች ይህን እንደ ድል ሲያወሩት ሰማን። ግሽበት ወረደ ማለት ግን ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፤ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው። ከ2021 መጀመሪያ ጋር ሲተያይ የዕቃው ሁሉ ዋጋ በአማካይ ከ20 በመቶ በላይ ከፍ እንዳለ ነው። የወንድምሽ ኪራይም 1,950 ላይ ቀረ እንጂ ወደ 1,400 አልተመለሰም። የተቸገረን ሰው «ኑሮህ ተሻሽሏል» ስትይው ውሸታም ትሆኚበታለሽ።

የአሶሺየትድ ፕሬስ የመራጮች ጥናትም ከአሥር ሰው አራቱ ያህል ከሁሉ በላይ ያሳሰባቸው ኢኮኖሚው መሆኑን አሳይቷል። ስደትን ያሉት ሁለቱ ያህል ናቸው። ኢኮኖሚውና ስደቱ ግን የሚነጣጠሉ አይመስለኝም። ቤት ሲወደድ ሰው መጀመሪያ የሚያየው አዲስ የመጣውን ጎረቤት ነው። ወለዱ ከፍ ብሎ ቤት መግዛትም መሥራትም መክበዱ በዓይን አይታይም።

የአውሮራዋ እህት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሹፌሩ ወንድሜ፣ «ማንም እንዴት ነህ አላለኝም» ያልከው አንጀቴን በላው። እኔም አላልኩትም። ኪራዩ መጨመሩን የሰማሁት ከሚስቱ ነው።

ዲቪን በተመለከተ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም። ያ በር ከተዘጋ የሚቀርበት እንደ እኛ ያለው የደሃ ልጅ ነው። ይህን ፊት ለፊት እነግረዋለሁ።

ዛሬ ማታ ደወልኩለት። ስለ ምርጫው አላነሳሁም። የሚስቱ እህት ጉዳይ የት እንደደረሰ ጠየቅኩት። ጠበቃዋ ስልክ አታነሳም አለኝ። ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሦስታችን አብረን ቢሮዋ እንሄዳለን።