የተስኪጊ የበረራ ትምህርት ቤት ከኢትዮጵያ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የሂርማታ መምህር፦ ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ታሪክ አስተምራለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች የሠለጠኑበት የተስኪጊ ትምህርት ቤት ከአገራችን ጋር ግንኙነት እንዳለው ተማሪዎቼ ጠይቀውኛልና የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

አቪዬሽን ወዳድ፦ መምህር፣ ድልድዩ ጥቁር አሜሪካዊው አብራሪ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ናቸው። በተስኪጊ ተቋም የመኪና ጥገና የተማሩት እኚህ ሰው፣ ተቋሙ የበረራ ትምህርት እንዲከፍት አስቀድመው ሲወተውቱ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ በወረራውም ወቅት መሣሪያ ባልታጠቀ አውሮፕላን በአዲስ አበባና በግንባሩ መካከል መልእክት ያመላልሱ ነበር። በ1944 ተመልሰው የእኛን ወጣቶች በረራ አስተማሩ፤ በ1954 አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። ለውለታቸው የሚገባውን ያህል አልዘከርናቸውም ብዬ አምናለሁ።

የድሮ መካኒክ፦ ስለ ተስኪጊው ሥልጠና ልጨምር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1941 ከጀመሩት 13 ሰልጣኞች በመጋቢት 1942 የተመረቁት 5 ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም አንዱ በኋላ ጄኔራል የሆኑት ቤንጃሚን ዴቪስ ናቸው። ጀማሪው መጀመሪያ የሚቀመጠው ጣሪያ በሌላት፣ ክንፏ ድርብ በሆነች ስቲርማን በተባለች የመለማመጃ አውሮፕላን ላይ ነበር፤ ነፋሱ ፊቱን እየገረፈው መሪዋን ከለመደ በኋላ ነው ወደ ከባዱ ኤቲ 6 አውሮፕላን የሚሸጋገረው። እስከ 1946 ድረስ ወደ 1,000 የሚጠጉ አብራሪዎች ወጥተዋል።

የሂርማታ መምህር፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከሮቢንሰን እጀምራለሁ።