የቆመች ሲጂ 125 ከልጄ ጋር ልናነሣ ነው፤ ከየት እንጀምር?

ጢጣ ሰፈር

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ አሮጌ ሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር ሳይክል ነው፤ ባለ ፑንቲና (እየተከፈተ እየተዘጋ የካንዴላውን እሳት የሚያስነሣው ማብሪያ)፣ ባለ 6 ቮልት። ዘጠኝ ዓመት ቆርቆሮ ሥር ቆማለች። መነሻ መርገጫው ሲረገጥ ንቅንቅ አይልም። ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ሲወዘወዝ ውስጡ የዝገት ቅርፊት ይንሿሿል። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እንደ ሙጫ ደርቋል። ሊብሬዋ አለ።

ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ሐምሌንና ነሐሴን ደሴ ግቢያችን ውስጥ አብረን ልንሠራት ነው። ከ8 እስከ 19 ቁጥር ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና የክፍተት መለኪያ ላሜራ አለን። ሞተሩን በቀጥታ እንፍታው ወይስ መጀመሪያ ሌላ የሚሞከር ነገር አለ? ሰልባትዮውን በባትሪ አሲድ እጠበው ያሉኝ አሉ፤ ልክ ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ የትኛውን ሥራ ራሱ ይያዝ? ቁልፍ አቀባይ ሆኖ እንዲከርም አልፈልግም። ግባችን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ መልሳ እንድትወጣ ነው።

የቶርኖው

አብሽር፣ የቆመ ሁሉ አልሞተም። መርገጫውን ግን ከአሁን ጀምሮ አትንካው። ፒስተን ተጣብቆ ሳለ በእግር ሲረገጥ ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው በመርገጫው ጥርስ ላይ ነው፤ ጥርሱ ከሄደ ጥገናው ከፒስተኑ ይብሳል።

ካንዴላውን (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚረጨውን) አውጣና በቀዳዳው ናፍጣና የካምቢዮ ዘይት እኩል የተቀላቀለበት ግማሽ ሲኒ አፍስስ። ካንዴላውን በእጅ ብቻ መልሰህ ለአራት አምስት ቀን ተወው፤ በየቀኑ ትንሽ ጨምርበት። ከዚያ ካንዴላው ወጥቶ፣ የመጨረሻው ማርሽ ገብቶ፣ ሞተሯን ወደፊትና ወደኋላ ቀስ እያልክ ወዝውዛት። የመጨረሻው ማርሽ የሚመረጠው ከጎማ ወደ ፒስተን ለመግፋት ከሁሉም የሚቀለው እሱ ስለሆነ ነው። በካንዴላ ቀዳዳ ብረት ሰዶ መምታት የፒስተኑን ግንባር ይበሳል፤ ፈጽሞ አይሞከር።

ስትላቀቅ ደስ ብሎህ ወዲያው እንዳታስነሣት። ሲሊንደሩ ላይ የቀረው የዝገት ቀለበት ፋሻውን (ፒስተኑን የከበበውን ቀለበት) እንደ ሞረድ ይበላዋል። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ማንሣት የግድ ነው፤ ሲጂ ላይ ደግሞ ይህ ሥራ ቀላል ነው። ካሙ (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ጉብታ ያለው ዘንግ) ታች ስለሆነና ቫልቮቹን የሚገፉት ሁለት ዘንጎች ስለሆኑ ሲፈታ የሚዛባ የካም ካቴና የለም። ዘንጎቹን ብቻ የመግቢያና የመውጫ ብለህ ምልክት አድርግባቸው።

ሲሊንደሩ ከፋብሪካ ሲወጣ 56.5 ሚሜ ነው። ፋሻውን ከፒስተኑ አውልቅና ሲሊንደሩ ውስጥ አስገባ፤ በፒስተኑ ግንባር ገፋ አድርገህ አስተካክልና የጫፎቹን ክፍተት በላሜራ ለካ። አዲስ ፋሻ ሁለት ዐሥረኛ ሚሜ አካባቢ ያሳያል፤ 0.5 ካለፈ አልቋል። ጥፍርህን ስታሳልፍበት የሚያዝ ጭረት ካለ ሲሊንደሩ መቦረቅ (በማሽን መስፋት) አለበት፤ ትልልቆቹ ፒስተኖች ከመደበኛው በ0.25፣ 0.50፣ 0.75 እና 1.00 ሚሜ ሰፍተው ይመጣሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቶርኖ ቤት ከመሄድህ በፊት ፒስተኑን ግዛ። ባለሙያው የሚቦርቀው በእጁ የያዘውን ፒስተን ለክቶ እንጂ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አምኖ መሆን የለበትም። የቻይናዎቹ ባለ ዘንግ 125 ሞተሮች የዚችው የሲጂ ግልባጭ ስለሆኑ ፒስተንና ፋሻ አይቸግርህም፤ የፒስተኑን ፒን ውፍረት ግን ከድሮው ጋር አነጻጽር።

የፒስተኑን ፒን የሚይዙትን ሁለት የሽቦ ቀለበቶች ስታወጣ የሞተሩን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ድፈነው። አንዷ ወደ ውስጥ ከወደቀች ክረምቱ በፍለጋ ያልቃል። ቀለበቶቹ ደግሞ ሁልጊዜ በአዲስ ነው የሚተኩት።

እመ ሐያት

ስለ ልጁ ልመልስ። አንድ ሙሉ ሥራ ከነኃላፊነቱ ይሰጠው፤ ከመፍታት እስከ መግጠም የሱ ይሁን። ለ14 ዓመት ልጅ የሚመቹት ካርቡሬተሩ፣ የቫልቭ ክፍተቱና የብሎኑ መዝገብ ናቸው።

መዝገቡ እንዲህ ይሠራል። አንድ ካርቶን ላይ የሞተሩን የጎን ክዳን ቅርጽ በእርሳስ ይሣል። እያንዳንዱ ብሎን ሲወጣ በሥዕሉ ላይ በቦታው ካርቶኑን በስቶ ይሰካው። የክዳን ብሎኖች ርዝመታቸው አይመሳሰልም፤ ረጅሙ በአጭሩ ቀዳዳ ገብቶ ሲጠብቅ አልሙኒየሙን ይሰነጥቀዋል። ካርቶኑ ካለ ግን ከሁለት ወር በኋላም ጥያቄ አይነሣም። ከመፍታታችሁ በፊት ሽቦዎቹንና ገመዶቹን በስልክ ያንሣቸው፤ ከሦስት አቅጣጫ።

ብሎኖቹ የጃፓን መስቀል ናቸው። ተራው ባለ መስቀል ካቻቢቴ ጥልቀቱ ስለማይገጥም ራሳቸውን ይበላዋል። በመዶሻ ሲመታ የሚዞረውን ካቻቢቴ ተዋሱ፤ ዘጠኝ ዓመት የቆመን ብሎን የሚከፍተው እሱ ነው።

የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ 0.08 ሚሜ ነው፤ ለሁለቱም። ቮላኖው (በሞተሩ ጎን የሚሽከረከረው ከባድ ጎማ) ላይ ያለው «ቲ» ከምልክቱ ጋር ይግጠም፣ ሁለቱም የቫልቭ መምቻዎች በጣት ሲነኩ ላላ ይበሉ። ካላሉ ፒስተኑ የመጣው በሌላው ዙር ነውና አንድ ጊዜ ሙሉ ይዙር። የ0.08ቱ ላሜራ በቅቤ ውስጥ እንደሚሄድ ቢላ ትንሽ ያዝ እያደረገው ሲያልፍ፣ የ0.10ሩ ደግሞ አልገባ ሲል ልክ ነው። ልጁ ይህን ልዩነት በጣቱ አንዴ ካወቀው አይረሳውም። ከጠበበ ቫልቩ ስለማይዘጋ መነሣት ታስቸግራለች፣ ቫልቩም ይቃጠላል፤ ከሰፋ ይንቀጫቀጫል።

ሦስት ነገር ግን ያለ ድርድር ይከልከል። ቤንዚን በተከፈተበት ግቢ የቡና ከሰል አይቀጣጠል፤ የቤንዚን ትነት መሬት ለመሬት ስለሚሄድ እሳቱ ራቅ ቢልም ይደርስበታል። የፍሬን ከበሮ ሲከፈት አቧራው በአየር አይነፋ፤ የድሮ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በሳሙና ውሃ በረጠበ ጨርቅ ይጠረግ፣ ጨርቁም ይጣል። ሞተሩ እየሠራ ካቴና በጨርቅ አይጸዳም፤ ጣት የሚቆረጠው እዚያ ነው።

ካንዴላ

ጋሼ፣ የባትሪ አሲዱን ይተዉት። ዝገቱን ብቻ መርጦ አይበላም፤ ሰልባትዮው በተበየደበት ስፌት ላይ ደህናውን ብረት ያሳሳል፣ ጭሱም ለልጅ ሳንባ አይሆንም። አቼቶ ይበቃል። የቤንዚን ቧንቧውን አውልቀው ቀዳዳውን ይድፈኑ፤ 20 ትንንሽ ዳዶ ቆጥራችሁ ጨምራችሁ በትንሽ ውሃ ናጡት፣ ቅርፊቱን ያራግፈዋል። 20 ገብቶ 20 መውጣቱን ልጁ ይቁጠር። ከዚያ እስከ አፉ አቼቶ ሞልታችሁ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን አሳድሩት። ደፍታችሁ በውሃ፣ ቀጥሎ ሦስት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ እጠቡት። ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ያበላሸዋል፤ እርጥቡ ብረት በሰዓት ውስጥ መልሶ ይዝጋል። ፀሐይ ላይ ቶሎ አድርቃችሁ ወዲያው ግማሽ ሊትር ቤንዚን ከትንሽ ዘይት ጋር አስገብታችሁ ግድግዳውን ሁሉ አዳርሱት። የሚያፈስ ቢሆን ወደ በያጅ ከነትነቱ አይወሰድ፤ ይፈነዳል።

ካርቡሬተሩ ላይ ከመፍታት በፊት የአየሩን ብሎን እስኪቆም ቀስ ብላችሁ ዝጉትና ስንት ዙር እንደሄደ ጻፉ፤ ሲገጠም መነሻው ያ ቁጥር ነው። ጅግለሮቹን (ቤንዚን የሚመጥኑትን ባለ ቀዳዳ ብሎኖች) በመርፌ ወይም በብረት ሽቦ አትውጉ፤ ቀዳዳው በፀጉር ያህል ቢሰፋ ልኩ ጠፋ። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር ትበቃለች፤ ከዚያ በብስክሌት መንፊያ።

አሁን ወደ ደሴ ልመለስ። ከተማው 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። ከፋብሪካ በወጣው ጅግለር ቤንዚኑ ይበዛባታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ዳገት ላይ ታንቃለች። መጀመሪያ የካርቡሬተሩን መርፌ ማቆሚያ አንድ እርከን ወደ ላይ አውጡት፤ መርፌው ዝቅ ስለሚል ቤንዚኑ ይቀንሳል። ካልበቃ ዋናውን ጅግለር በአንድ ቁጥር አሳንሱ። ዳኛው የካንዴላው ነጭ ሸክላ ነው። መቆላት የጀመረ ቡና የሚመስል ቀለም ከያዘ ደህና፤ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ንጣቱ አመድ ካለ ቤንዚን አንሷል፣ ፒስተን ያቃጥላል። የካንዴላው ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7፣ የፑንቲናው ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሜ ነው።

ጢጣ ሰፈር

እግዜር ይስጥልኝ። ናፍጣው ሠራ፤ በስድስተኛው ቀን ተላቀቀች። ፋሻው 0.6 አሳየ፣ ስለዚህ ፒስተን ልንገዛ ነው። ወደ 12 ቮልት ልቀይራት ብዬ አስቤ ነበር፤ አምፖልና ባትሪ ብቻ ብቀይር ይበቃል?

የቶርኖው

አይበቃም። የ6 ቮልቱ መጠምጠሚያ የ12 ባትሪ አይሞላም፣ መብራቱም ይፈዛል። ከቻይናዎቹ ከቀየርክ ቮላኖ፣ መጠምጠሚያ፣ ሲዲአይ (ፑንቲናን የሚተካው ኤሌክትሮኒክ ዕቃ)፣ ሬጉሌተር (ቮልቱን የሚቆጣጠረው) እና ቦቢና (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው) አንድ ላይ ነው፤ እየመረጡ ማዳቀል አያስኬድም። ከመግዛትህ በፊት ቮላኖው በኮሎው (ፒስተኑ በሚያዞረው ዘንግ) ሾጣጣ ጫፍ ላይ ያለ ክፍተት መቀመጡን በእጅህ ሞክር። እኔ ግን መጠምጠሚያው ጤነኛ ከሆነ በ6 እንድትቆይ እመክራለሁ፤ የደበዘዙ ግንኙነቶችንና የሻንሲ ሽቦውን ማጽዳት ብቻ ብዙ ብርሃን ይመልሳል።

ዘይቱን ሳትረሱ፦ ሲፈስ የሚገባው 0.9 ሊትር ነው። የወረቀት ፊልትሮ የላትም፤ ቆሻሻው የሚጠራቀመው በወንፊቷና በቀኝ ክዳን ውስጥ በሚሽከረከረው ቆብ ነው። ያንን ከፍታችሁ ጭቃውን ካልጠረጋችሁ አዲስ ዘይት መጨመር ከንቱ ነው። ፍሪሲዮኑ እዚያው ዘይት ውስጥ ስለሆነ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ግዙ፤ አንዳንዱ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮን ያንሸራትታል።

ሰኞ ገበያ

ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት አስነሧት፣ ፍሬኗንም ጨርሱ። ቀብታችሁ ከጀመራችሁ ቤንዚንና ቁልፍ ቀለሙን ያበላሸዋል። ስትቀቡም መሪው አንገት ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፤ ከሊብሬው ጋር የሚመሳከረው እሱ ነው።

የጎማውን ጎን ልጁ ያንብበው፤ አራት አኃዝ አለ። 2309 ካለ በ2009 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ በፈረንጆቹ። ጥርሱ ቢተርፍም የደረቀ ጎማ የሐረጎን እርጥብ አስፋልት አይይዝም፤ ሁለቱንም ቀይሩ። የፍሬን ሸራ 2 ሚሜ ከደረሰ ይቀየር፤ ካቴናው መሐል ላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ይላላ።

ሙከራው ቦሩ ሜዳ ላይ ይሁን፣ ቀጥ ባለው መንገድ። መጀመሪያ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ ፍጹም ትቀዝቅዝና የቴስታታው ዳዶዎች በመስቀል ቅደም ተከተል ይፈተሹ፣ የቫልቭ ክፍተቱ እንደገና ይለካ። አዲስ ፒስተን ስላላት የመጀመሪያው ዘይት 100 ኪ.ሜ. ላይ ይፍሰስ። ሐረጎ ከዚህ በኋላ ነው፤ መሪው አባት ጋ፣ ልጁ ሄልሜት አድርጎ ከኋላ። ሲወረድ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዛት፤ ከበሮ ፍሬን ሳይለቀቅ ከተያዘ ግሎ መያዙን ይተዋል። ቁልቁል ጋዙ ዝግ ስለሆነ ያኔ የያዘው የካንዴላ ቀለም አይታመንም። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ አምስት ስድስት ኪ.ሜ. ነድታችሁ፣ ጋዝ እንደያዘ አጥፍታችሁ ካንዴላውን አውጡት። እዚያ ከፍታው 1850 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አየሩ ይወፍራል፤ ሸክላው ከነጣ ዳገቱን ከመጀመራችሁ በፊት መርፌውን ወደ ነበረበት እርከን መልሱት፣ ጅግለር ቀይራችሁ ከነበረም የፋብሪካውን መልሱ፣ የደሴው ኪስ ውስጥ ይቆይ።